ሦስቱ ሮቦቶችና አንድ ነጭ ካልሲ

ክቡ የጽዳት ሮቦት ለሙከራ ወለሉ ላይ የተበተነው ዱቄት ጋ ደርሶ ውሃውን ሲለቅ ሚጢ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። የምትቀርጽበትን ስልክ አሁንም በሁለት እጇ እንደያዘች ነው። ወንድሟ ግን ምንም አላየም፤ ጀርባውን ለሮቦቱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ፣ ስለ ዘመናዊ ኑሮ ይደሰኩራል። ከኋላው ሮቦቱ ዱቄቱን ይስባል ሲባል እያቦካው ነበር። ሁለቴ ዞረ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ብሩሹ በሊጥ ተያዘና ቀጥ አለ።

«ምን ሆነ?» አለ ወንድሟ ዞር ብሎ።

«ሊጥ ሆነ» አለች ሚጢ። «መዳመጫ ላምጣልህ?»

ወለል ወልውሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በደረቁ እንደሚጠረግ፣ ውሃ ኋላ እንደሚመጣ ያውቃል። እናታቸው በአንድ ትልቅ ክሊኒክ ውስጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት በጽዳት ሠርታለች፤ በዚያ ቤት ይህ ትምህርት ከፊደል በፊት የተሰጠ ነው። ወንድሟ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጨርቅ ጨምቆ አያውቅም። እናቱ ወይም እህቱ ስትወለውል ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ እግሩን ከፍ ያደርግላታል፤ ለቤቱ ጽዳት ያበረከተው አስተዋጽኦ ይኸው ነው። አሁን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ሆኖ ሲቀጠር ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ የወለል ሊቅ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሱቁ ባለቤት እየጠረጉ የሚወለውሉ ሦስት ዓይነት ሮቦቶች አስመጥቶ መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ስለዚህ ወንድሟን ጠርቶ ሦስቱን የሚያወዳድር ቪዲዮ ሠርቶ እንዲለቅ አዘዘው። አንደኛ የሚወጣው ትልቁ እንዲሆንም አብሮ ነገረው። የወንድሟ የሙከራ ጊዜ ዓርብ ያበቃል፤ እስከዚያ ከትልቁ አንድ እንኳ ካልሸጠ ይሰናበታል። ሚጢ ይህን ስትሰማ አፍንጫዋን ነፋች። አሸናፊው ቀድሞ የታወቀ ውድድር ለእሷ ውድድር አይደለም።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በቁመት እናቷን ካለፈች ዓመት ሆኗታል፤ ቤተሰቡ ግን አሁንም «ሚጢ» እያለ ይጠራታል። ለሌላው ስም ስታወጣ የምትጨክነው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ለሦስቱ ሮቦቶችም ከካርቶናቸው ወጥተው ገና የመጀመሪያ ዙራቸውን ሲዞሩ ስም አወጣችላቸው።

አንደኛውን «ሰካራሙ» አለችው። ከወንበር እግር ጋር ይጋጫል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ትንሽ ቆም ብሎ ያስባል፣ ከዚያ ያንኑ እግር ተመልሶ ይገጨዋል። ሁለተኛው «ፈሪው» ነው። የሳሎናቸው ወለል ነጭና ጥቁር ንጣፍ የተቀላቀለበት ነው፤ ፈሪው ጥቁሩን ባየ ቁጥር ገደል እየመሰለው ይመለሳል። ግማሹን ሳሎን ሳይረግጥ ሥራውን እንደጨረሰ በዘፈን አበሠረ። ሦስተኛው፣ ትልቁና ውዱ፣ «ጌታው» ነው። ጌታው የራሱ ማደሪያ አለው፤ እዚያ ገብቶ ጨርቁን ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ያደርቃል፤ ሥራ ሲጀምርና ሲጨርስ ደግሞ ማንም በማይገባው ቋንቋ ያውጃል። ዱቄቱን ያቦካውም እሱ ነው።

ሊጡን ከብሩሹ ላይ በጥርስ ማጽጃ ፈልቅቃ ያወጣችው ሚጢ ናት። ወንድሟ የዱቄቱን ፈተና ሰርዞ ሌላ አመጣ፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አድርጎ እስኪደርቅ ጠበቀ። ሰካራሙ ምንም እንዳላየ በላዩ አልፎ ሄደ። ፈሪው ነጩ ንጣፍ ላይ ያለውን አንድ ጠብታ አጥቦ ጥቁሩ ላይ ያሉትን ጥሎ ሸሸ። ጌታው ግን አንድም ሳያስቀር ሁሉንም አነሣ፤ አንሥቶም ለመላው ሳሎን አከፋፈለው። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር በሚያጣብቅ መስመር ተዥጎረጎረ።

ወንድሟ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ድምፁን አለሳለሰ።

«አቦ ሚጢዬ፣ እስቲ በጨርቅ አንዴ ነካ ነካ አድርጊልኝ። ለቀረጻ ብቻ።»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት አማራት። ባልዲውን በሙቅ ውሃ ሞላች፣ ተንበረከከች፣ እናቷ እንዳስተማረቻት ከጥጉ ጀምራ ወደ በሩ እያፈገፈገች ወለወለች። ወንድሟ እግሩን ከፍ አደረገላት። ስትጨርስ ጌታውን በሁለት እጁ አቅፎ ወስዶ የሚያበራው ወለል መሃል አስቀመጠውና ደረቱን ነፋ። ከሦስቱ ማን እንዳሸነፈ ወለሉ ራሱ ይናገራል እያለ ሲለፈልፍ ሚጢ ስልኩን ሳታነቃንቅ ቀረጸችው። ናቀችው። ማሽኑንም ናቀችው፤ ይህን አይቶ የሚያምነውን ሰው ሁሉ ከወዲሁ ናቀችው። ደስ የሚል ስሜት ነበር፤ ሁሉን ከላይ ሆኖ ማየት።

«ይህን የሚያምን ፋራ ካለ ይበለው» አለች ስልኩን እየመለሰችለት።

እናታቸው ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀችና በነጭ ካልሲዋ ሳሎኑን ሰንጥቃ አለፈች። ከዚያም እንደ ልማዷ ግድግዳውን ተደግፋ የእግሯን መዳፍ ገልብጣ አየች። ክሊኒኩ ውስጥ ተቆጣጣሪው ወለልን የሚያየው በዓይኑ ነው፤ እሷ ግን በካልሲዋ እንጂ በዓይኗ አታምንም። ካልሲው እንደነጣ ነበር። ማን እንደወለወለው ስትጠይቅ ወንድሟ አፉን ሞልቶ ሮቦቱ መሆኑን ነገራት። እናቷ የሚጢን ጉልበት አየች። የልጅቷ ቀሚስ እስከ ጭኗ ድረስ ረጥቧል።

«ጎበዝ ሮቦት ነው» አለችና ወደ ኩሽና ገባች።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚጢ የደንብ ልብስ ቀሚሷን ልትወስድ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ዘንድ ጎራ አለች። ከደረጃው ሥር አንድ ክፍል ተከራይተው የሙሽራ ቀሚስ የሚሰፉ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ይላቸዋል። የሙሽራ ቀሚስ መሬት ይጎተታልና የእትዬ ወለል ምንጊዜም እንደ ሳህን የታጠበ ነበር። ጉልበታቸውን ከታከሙ ወዲህ ግን ሐኪሙ ማጎንበስ ከልክሏቸዋል። አሁን ቀሚሱን ወንበር ላይ በአንሶላ ጠቅልለው ነው የሚሰፉት። ከእግራቸው ሥር ክር፣ ቁርጥራጭና ስፒል ተከምሯል።

እትዬ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። የወንድሟን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ እንዳዩት፣ ነገ አሥር ሰዓት ላይ ሱቁ ሄደው ትልቁን ሮቦት እንደሚያመጡት ነገሯት። ከዚያም የልብስ ጠርዝ የሚዘመዝሙበትን ሁለተኛውን ማሽናቸውን በአገጫቸው አመለከቱ። መክደኛው ተጠርጎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል።

«ለሱ ስል ያንን እየሸጥኩት ነው፤ ነገ ማታ ሰው መጥቶ ይወስደዋል። ጠርዙን በእጄ እዘመዝማለሁ። ጣቴ እንደሁ ደኅና ነው፤ የከዳኝ ጉልበቴ ነው።» ቀሚሷን እያጠፉ ፈገግ አሉ። «ወለሉ እንዴት እንዳበራ አየሽው? እውነቴን ነው የምልሽ ልጄ፣ የእናትሽ እጅ ያለፈበት ነው የመሰለኝ።»

ሚጢ ቅዳሜ ከቀረጻው በኋላ «ፋራ» ያለችው ሰው ፊት አልነበረውም፤ አሁን መነጽር አድርጎ፣ ቀሚሷን በወረቀት እየጠቀለለ ፊቷ ቆሟል። ወለሉን አየች። ያ ሁሉ ክር ጌታውን በሁለት ደቂቃ ጠፍንጎ ያስቀረዋል። እትዬ ደግሞ ተንበርክከው ብሩሹን መፍታት አይችሉም። ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። ደረጃውን ስትወጣ በራሷ አፈረች።

ማታ ራት ከመቅረቡ በፊት ወንድሟን ኩሽና ውስጥ ያዘችው። ሌላ ሰው ይግዛ፣ እትዬን ግን ተዋቸው አለችው። ሌላ ሰው እንደሌለ ነገራት፤ ከዚያ ሁሉ ተመልካች ልግዛ ብሎ የደወለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እትዬ ናቸው። አታላይ ስትለው አልተቆጣም።

«የወለወልሽው እኮ አንቺ ነሽ» አላት። «የቀረጽሽውም አንቺ ነሽ። ምነው አሁን ከኔ ተለየሽ?»

በዚህም አላበቃም። እትዬ እሷን ስለሚወዷት ነገ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ መጥታ አጠገባቸው ብትቀመጥለት ጥሩ እንደሆነ ለመናት።

ረቡዕ መጣችለት። እትዬ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሻይ ብርጭቆ ይዘዋል። የሱቁ ባለቤት ከሆዱ በስተኋላ ቆሞ ጥርሱን ያሳያል። መሃል ላይ ለማሳያ የተለቀቀ ነጭ ወለል አለ። ከሚጢ በፊት አንድ ሰው በጨርቅ እንዳለፈበት ጥጉ ላይ ያለው እርጥበት ይመሰክራል። ጌታው በዚያ ንጹሕ ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንጎራደድ ቆየና ወደ ማደሪያው ገብቶ አዋጁን አሰማ። ባለቤቱ እንደ ሠርግ አጨበጨበ።

እትዬ ግን ወደ ሮቦቱ አይደለም የዞሩት።

«ሚጢ፣ ቤታችሁ የሞከራችሁት አንቺና እሱ ናችሁ አሉ። እውነት እንደዚያ አድርጎ ያጸዳል?»

ሚጢ ቀና ስትል ወንድሟን ከባለቤቱ ትከሻ በስተኋላ አየችው። ሁለት እጁን አጋጥሞ ይለምናታል። አንገቱ ላይ የታሰረው ከረባት የጓደኛው ነው፤ ጠዋት ለማሰር ግማሽ ሰዓት ታግሏል። እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም። አንድ ቃል ብትናገር ሥራ ይኖረዋል።

ከዚያ የእትዬን ብርጭቆ አየች።

«እትዬ፣ ሻይዎን ጨርሰዋል?»

ከታች የቀረውን ስኳራም ሻይ ተቀብላ ወለሉ ላይ አፈሰሰችው። ባለቤቱ «ምን ነካሽ?» ሲል ሰማችው፤ ዞር አላለችም። ከእትዬ ሹራብ ላይ የተጣበቀውን ክር አንድ በአንድ ለቀመችና እሱንም በተነችው። ጎንበስ ብላም የጌታውን ቁልፍ ተጫነች።

ጌታው አውጆ ወጣ። ሻዩን ከዚህኛው ግድግዳ እስከዚያኛው አደረሰው። ክሩ ብሩሹ ላይ ሲጠመጠም ሲጥ ሲጥ አለ፤ እንደምንም እየተጎተተ ማደሪያው ገባና ሥራው መጠናቀቁን በኩራት አበሠረ። ሚጢ የቀኝ ጫማዋን አወለቀች። የደንብ ልብሱ ካልሲ ነጭ ነው። ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ አቋረጠችው፤ በየእርምጃው እግሯ እየተጣበቀ ይላቀቃል። ከዚያ ከእትዬ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና የእግሯን መዳፍ ገልብጣ አሳየቻቸው። ካልሲው ቡናማ ሆኗል።

«የቪዲዮውን ወለል የወለወልኩት እኔ ነኝ» አለች። «በባልዲና በጨርቅ።»

እትዬ ካልሲውን አዩት። ከዚያ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ለስፌት ማሽኑ ገዢ ደወሉና እንዳይመጣ ነገሩት። ስልኩን ሲዘጉ እጃቸውን ሚጢ ጉልበት ላይ አሳረፉ። ባለቤቱ ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ወለሉ እንደዚያ ሊተው አይችልም፤ ደንበኛ ይገባበታል። ሚጢ ከመደርደሪያው ኋላ ባልዲውንና ጨርቁን ፈልጋ አመጣች። ወንድሟ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ከልማድ እሷ እስክትንበረከክ ነው የሚጠብቀው። ጨርቁን ዘረጋችለት።

«በደንብ ጨምቀው» አለችው። «ከጥጉ ጀምር።»

ጨርቁንም እሷንም ተራ በተራ ተመለከተ። ከረባቱን ፈታ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ተንበረከከ። አጨማመቁ ያሳፍራል፤ ግማሹ ውሃ ሱሪው ላይ ነው የቀረው። ሚጢ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና አየችው። እየወለወለ እሷ ጋ ሲደርስ፣ አንዱን በጫማ አንዱን በቡናማ ካልሲ፣ እግሯን ከፍ አደረገችለት።