የአዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያ ጠዋት

መርማሪዋ ከመኪና ስትወርድ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ሣር ላይ ተጋድሞ፣ ፊቱ በገዛ ጃኬቱ ተሸፍኖ ነበር። ሥራ የጀመረው በዚያው ጠዋት ነው። ፓምፑ አስቸግሮ ኖሮ ሊጠግነው ወረደ፤ እጁ ሽቦው ላይ እያለ ኤሌክትሪክ መጣበትና ውሃው ውስጥ ወደቀ። የተነገራት ይኸው ነበር። እሷ ግን ያልተነፋ ወሬ አትቀበልም፤ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏትም ለዚሁ ነው።

የእርሻው ባለቤት፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እርሻውን ብቻቸውን የያዙ ሴት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀበሏት።

«ከስንቱ አመልካች መርጠን ያገኘነው ልጅ ነበር» አሉ። «ፓምፕ የሚነካ ሰው መጀመሪያ ቢሮው ጎን ያለውን ማብሪያ ያጠፋል፤ እንዳይበራም ቀይ ጨርቅ ያንጠለጥልበታል። ሕጋችን ነው። ጨርቁን ረሳ። ወጣት አይደል፣ ቸኮለ።»

«መልሶ ያበራው ማነው?»

«ነባሩ ሥራ አስኪያጃችን፣ አባባ። ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ምን ያውቃሉ ብለሽ ነው? ልጁንም የመረጡት እሳቸው ናቸው። እኔ የወንድሜን ልጅ ላስገባ ነበር፤ 'እርሻ ዘመድ አያውቅም' ብለው ከለከሉኝ።»

የወንድማቸው ልጅ መኪናው ላይ ተደግፎ ጥፍሩን ይበላል።

«'ይሄ ሰውዬ እዚህ አይከርምም' ብለሃል አሉ» አለችው መርማሪዋ።

«ብያለሁ። ተናድጄ ነበር። አፌ እንጂ እጄ ሰው አይነካም።»

«ጠዋት በማብሪያው በኩል አልፈሃል።»

«አልፌያለሁ። ጨርቅ ይኑር አይኑር ግን ልብ አላልኩም።»

«ሬሳው ጋስ?»

«ዝር አላልኩም። ሬሳ ማየት አልደፍርም፤ የአባቴንም አላየሁም።»

ሟቹን ከውሃው ጎትቶ ያወጣው የትራክተር ሾፌሩ ነው። ልብሱ ገና አልደረቀም።

«ጨርቁን ቀድጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አላት። «ይዞት ወደ ማብሪያው ሲሄድ አይቻለሁ። ሲያንጠለጥለው ግን አላየሁም። ኋላ ውሃው ላይ ሳየው ጮህኩ፤ የአባባ ልጅ ሮጣ መጣች። ከሬሳው ጋር ትቻት ልደውል ሄድኩ።»

«ስትመለስ ሌላ ሰው ነበር?»

«ማንም። ጭንቅላቱን ታቅፋ ታለቅሳለች።»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሱሪው ኪስ ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል። ከኪሱ የተጣጠፈ ቀይ ጨርቅ አወጣች፤ ላዩ ረጥቧል። ስትዘረጋው ግን መሃሉ ደረቅ ነበር። የሟቹን እጅ ደረቱ ላይ አስተካክላ ተነሣች።

አባባን ቢሮ ውስጥ አገኘቻቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ልጃቸው፣ ትልቅ ሴት፣ ሻይ አቀብላቸው በሩ ጋ ቆመች። መርማሪዋ እጇን ዘረጋች፤ ሽማግሌው አልጨበጧትም። ሰላምታ ስታሰማ ግን ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«ተቀመጪ ልጄ። ማብሪያውን የጫንኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ጨርቅ ቢኖርበት ግን እጄ ይቆረጥ እንጂ አልነካውም።»

መርማሪዋ ድምፅ ሳታሰማ ቀዩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊታቸው ዘረጋችው።

«ጨርቁ በደንብ ይታያል፣ አባባ?»

«እንዴታ፣ ቀይ ነው። ከሩቅ ይጣራል።»

እጃቸው ከጨርቁ ጫፍ ጣት የማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ልጃቸው ጨርቁን አይታ ግድግዳውን ተደገፈች። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ እውነት አግኝታ፣ ባላገኘሁት ብላ አታውቅም።

ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ጨርቁን አልረሳም» ብላ ጀመረች። «ኪሱ ውስጥ ሆኖ ውሃ ቢገባ ኖሮ እስከ መሃሉ ይርስ ነበር። ኪሱ የገባው ሰውየው ከውሃው ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ከሬሳው ጋር ብቻዋን የነበረች አንድ ሰው ናት።»

ሁሉም ወደ አባባ ልጅ ዞሩ።

«እትዬ፣ ይሄ የወንድምዎ ልጅ ጨርቁን አስቀድሞ አንሥቶ ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን ሬሳው ጋ አልደረሰም። እሷም ለእሱ ብላ ጣቷን አታነሣም። የሸሸገችው ለምትሳሳለት ሰው ነው። ጨርቁ ማብሪያው ላይ ነበር። ያበራው ሰው አላየውም፤ አሁን ከፊቱ ተዘርግቶም እንደማያየው።»

«ምኑ ነው የተዘረጋው?» አሉ አባባ።

ልጃቸው እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ዓይኑ ከጠፋ ቆየ» አለች። «ዓይኑ እኔ ነበርኩ። ለእትዬ 'ደክሟል፣ ተተኪ ፈልጉለት' ያልኩትም በክብሩ እንዲወጣ ብዬ ነው። ሾፌሩ ሲጮህ በማብሪያው በኩል ሮጥኩ፤ ጨርቁን ወደ ጎን ተገፍቶ አየሁት። የሞተው ሞቷል፣ አባዬን ላትርፍ አልኩ።»

«ልጁን ግን ቸልተኛ አስብለሽ ልታስቀብሪው ነበር» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እናቱ በገዛ ጥፋቱ ሞተ ተብሎ ሊነገራት ነበር።»

ሽማግሌው በመዳፋቸው ጠረጴዛውን ዳሰሱ። ጨርቁን አገኙት፣ በጣቶቻቸው መሃል አሹት።

«ይሄ ነበር» አሉ። «እጄ ላይ ተሰምቶኛል። ሾፌሩ ዘይት የጠረገበት መስሎኝ ገፋሁት።»

ውጭ መኪና ቆመ፤ የሟቹ እናት ደረሰች። ሾፌሩ ሊቀበላት ሲነሣ አባባም ተነሥተው አስቆሙት።

«እኔ ልንገራት። ከእኔ ትስማው።»

ሴትዮዋ ገባች። ሽበታሙን ሰው ስታይ ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«እርስዎ ነዎት አይደል ልጄን የመረጡት? ትናንት ደውሎልኝ፣ 'እማዬ፣ አባት የመሰሉ ሰው አገኘሁ' ብሎኛል።»

«እኔ ነኝ» አሉ። «የመረጥኩትም እኔ ነኝ፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላጠፋም፣ ልጄ። እንደታዘዘው ነው ያደረገው። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

እጃቸውን አልለቀቀችም። እሳቸውም ፊቷ ምን እንደሚመስል ማንንም ሳይጠይቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ቆሙ ቀሩ።