የወለተ ሐና ዘር ገብስ

ኢንስፔክተር ብርቅዬ የገብሱን ክምር ልብ ያለችው በአራተኛው ቀን ነው፤ መኪና የገደላቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ከተቀበሩ በኋላ። የትራፊክ ፖሊሱ ባነሳው ፎቶግራፍ ላይ፣ ነጠላ ከለበሰው አስከሬን አጠገብ፣ ከገበያ ለዘር የገዙት ገብስ እንደ አውድማ ምርት ተቆልሎ ይታያል። ስልቻው ግን ተተርትሯል። መኪና የገጨው ስልቻ እህሉን ቆልሎ አያፈስም።

በዚህ ክምር የተነሳ ባጃጅ ነጂው ሀቢብ ታስሯል። እህሉ አንድ ቦታ ስለፈሰሰ የገጫቸው ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው ደግሞ አቀበቱን የሚወጣው ባጃጅ ነው ተብሎ ተጻፈ። ሀቢብ አሮጊቷን ሊያነሳ ቆሞ፣ ታቅፏቸው ስለተገኘ ሌላ ሰው የፈለገ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ወልድያ ሊወሰድ ነው። እናቱ ነጅሚያ ብርድ ልብስና ደረቅ ቂጣ ቋጥራ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ አትደብቂኝ፤ ስንት ዓመት ነው?» አለቻት ብርቅዬን።

«ገና አልተፈረደበትም እኮ፣ እናቴ።»

«እኔ ልብሱን ይዤ መጥቻለሁ።»

ብርቅዬ ወደ ገበያው ቁልቁለት ወረደች። የእግረኛ መንገድ የለም፤ ገበያተኛው፣ አህያውና ተማሪው አስፋልቱ ላይ ከመኪና ጋር ይጋፋሉ። ምልክቱ በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። ወደ ሃያ እንዲወርድ ነዋሪው ያስገባው ማመልከቻ ዓመት አልፎታል፤ የመጀመሪያዋ ፈራሚ ወለተ ሐና ነበሩ።

አደጋው ቦታ ላይ ጌሾ የምትሸጠውን ባንችይርጋን ስለ ክምሩ ስትጠይቃት ሴትዮዋ ተቆጣች።

«ታዲያ እህል ይረገጥ? እኛ ነን ጠርገን የሰበሰብነው። ከዚህ እስከ ድልድዩ ተበትኖ ነበር።»

«ለምን ለፖሊሱ አልነገርሽውም?»

«ሰዓት ሙሉ ቆይቶ መጣ፤ ያኔ ጨርሰናል። ደሞ ማን ጠየቀኝ? ሜትሩን ሲጎትት ክምሩን ሊረግጠው ነበር።»

ብርቅዬ በእርምጃ ለካችው። ሠላሳ ሁለት፤ ሁሉም ቁልቁል።

ገበያተኛው እንደሚለው በዚያ ሰዓት ቁልቁል የወረዱት ሁለት መኪናዎች ናቸው፤ የደሳለ ሚኒባስና ከፋለ የሚነዳው የሆቴል ፒክአፕ። ደሳለ ሲያልፍ መንገዱ ሰላም እንደነበር ምሎ ተገዘተ። ከፋለ ግን ረጋ ብሎ፣ ያለፈው ፖሊስ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ተናገረ።

«ትራፊኩ ሲለካ ደረስኩ። ያ ሁሉ ገብስ እስከ ድልድዩ ተበትኖ ሳይ፣ እንዳልረግጠው ብዬ ዳር ዳሩን ሄድኩ።»

ብርቅዬ ጻፈችው። ከዚያ መኪናውን አየች። ከላይ እስከ ታች ታጥቦ ያበራል፤ እሷ ግን ከመስታወት መጥረጊያው፣ ከስፓዞላው ሥር ጎንበስ ብላ ቆየች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሁለቱ ሾፌሮች፣ ሀቢብ በካቴና፣ እናቱ ከነቋጠሮዋ።

«ገብሱ የሄደው ቁልቁል ነው፤ ሀቢብ ግን ሽቅብ ነበር» አለች። «ሠላሳ ሁለት እርምጃ እህል የሚበትንም በዝግታ የሚሄድ አይደለም። ስለዚህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ።»

ደሳለ እንደገና ሊምል ሲጀምር በእጇ አስቆመችው።

«ከፋለ፣ ፖሊሱ ሲለካ ገብሱ ተከምሮ ነበር። ተበትኖ ካየኸው ቀድመህ ነበርክ።»

ከፋለ «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ይሆናል» አለ። ብርቅዬ የተጣጠፈ ወረቀት ፈታች። ነጭ ሥር ያወጡ አራት የገብስ ፍሬዎች ነበሩ።

«ከስፓዞላህ ሥር ነው ያገኘኋቸው። መኪናውን እጥባለሁ ስትል ዘሩን አበቀልከው።»

ከፋለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከሃምሳ አላለፍኩም። የተፈቀደውን ነው የነዳሁት። ፍሬን ያዝኩ፤ አልቆመልኝም። በስፖኪዮ አየኋቸው፣ አይንቀሳቀሱም።»

ብርቅዬ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። «ምናልባት አላለፍክም። በሃያ ብትመጣ ይቆምልህ ነበር። የምትጠየቀው ግን ጥለሃቸው በመሸሽህና የሰው ልጅ ባንተ ፈንታ ሲታሰር ዝም በማለትህ ነው።»

ነጅሚያ እልል አላለችም። ካቴናው የተፈታለትን ልጇን ክንዱን ይዛ በአስፋልቱ ዳር ወሰደችው፤ መኪና በሚያልፍበት በኩል የምትሄደው እሷ ናት። ሦስት ጊዜ መኪና ሲመጣ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ቦዩ ገፋችው። ምልክቱ እንደቆመ ነው፤ ሃምሳ።

ቤት ሲደርሱ ሀቢብ ነገ ሥራ እንደሚገባ፣ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ እንደሚነዳ ነገራት።

«ሌላው ሰውስ?» አለች።

ገና መግሪብ ነው፣ ጀምበር አሁን መጥለቋ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቷል። ነጅሚያ ግን በሩን ገፍታ ዘጋች፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።