ከገዳሪፍ የመጣው አበባ

የሸዊት እናት ወይዘሮ ብፅአት ሱዳን ውስጥ መፋዛ በምትባል ከተማ ያረፉት በክረምት፣ አንድ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ነበር። ሸዊት ጠዋት ገዳሪፍ ላለው ለባንታምላክ ደወለችና ቀብሩ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ነገረችው።

«ልምጣ?» አላት።

«አትምጣ። አባቴ ዛሬ አንተን ማየት አይችልም።»

ባንታምላክ የመተማ ልጅ ነው፤ ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ መጋዘን ይሠራል። ሸዊት በጦርነቱ ከወላጆቿ ጋር ከትግራይ ተሰዳ መፋዛ መድኃኒት ቤት የተቀጠረች ናት። የተዋወቁት እሱ ቀደም ሲል መፋዛ አቅራቢያ እርሻ ላይ ሲሠራ ወባ ይዞት እዚያ በሄደ ጊዜ ነው። ዐረብኛ ስለማይችል ሕመሙን እሷ አስተረጎመችለት። ከዳነ በኋላም መመላለሱን አልተወም።

አባቷ አቶ ገብረትንሳኤ ግን የበኩር ልጃቸውን በጦርነቱ አጥተዋል። ባንታምላክ ከተወለደበት ወገን የመጣ ሰው ደጃቸውን እንዳይረግጥ ቁርጡን ተናግረው ነበር። ወይዘሮ ብፅአት ብቻ፣ ባላቸው በሌሉበት፣ ምሳ አብልተውታል።

ባንታምላክ ካልሄድኩ አበባ ይድረስላቸው ብሎ ወጣ። ገበያው ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ነበር። እውነተኛ አበባ ያገኘው የሠርግ አዳራሽ ከምታስጌጥ ባሕሪያ ከምትባል ሱዳናዊት ዘንድ ነው። አበባው የሌላ ሰው ሠርግ የሚጠብቅ ነበር። በለመዳት ጥቂት ዐረብኛ፣ ለሞቱ እናት እንደሆነ ነገራት። ሴትዮዋ አንዱን እቅፍ አንስታ ሰጠችው። እሱም ወደ መፋዛ ሰው ለሚጭነው ለአብዱልሰላም፣ ዛሬውኑ እንዲያደርሰው አደራ ብሎ አስረከበው።

ዝናብ ጥሎ ስለነበር መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ትራክተር ጎትቶ እስኪያወጣው ቀብሩ አለቀ። አብዱልሰላም ልቅሶ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሸዊት ወጥታ ተቀበለችው።

በአበባው ዙሪያ ነጭ ሪባን ተጠምጥሟል። ባሕሪያ መፍታቱን ረስታዋለች፤ ባንታምላክ የዐረብኛ ጽሕፈት አያነብም። ሸዊት አነበበችው። «አልፍ መብሩክ» ይላል፤ ለሙሽሮች የሚባል የእንኳን ደስ ያላችሁ ቃል ነው።

ሳቋ አመለጣት። በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ከጠዋት ጀምሮ አልወጣ ያላት እንባ ያን ጊዜ ወረደ።

አባቷ ድምፅዋን ሰምተው መጡ። ማን እንደላከው ጠየቋት። ሪባኑን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ስሙን ነገረቻቸው።

አቶ ገብረትንሳኤ አበባውን አገላብጠው አዩት። «እናትሽ ታውቀው ነበር?»

«ምሳ አብልታዋለች፣ አቦይ።»

«እሱስ ለምን አልመጣም?» አሉ።

«አትምጣ ብዬው ነው።»

«ለቀብር የሚመጣ ሰው አትምጣ አይባልም።» ይህን ብለው አበባውን ከእጇ ወሰዱና ብቻቸውን ወደ መቃብሩ ሄዱ።

ሸዊት ያንኑ ማታ ደውላ ጠራችው፤ ባንታምላክ በማግስቱ ደረሰ። አቶ ገብረትንሳኤ ተነሥተው እጁን ጨበጡት፤ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። ሁለቱ ለቀስተኛውን አብረው ሲቀበሉ ዋሉ።

ባንታምላክ ሸዊትን ለማግባት ሽማግሎች የላከው ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ ነው። አቶ ገብረትንሳኤ አላስለመኑም። ልጃቸውን ብቻ ጠርተው ጠየቋት፤ እሷም ቀና ብላ አባቷን እያየች እሺ አለች።