ፀደንያ የቆረጠቻቸው ቅርንጫፎች

ፀደንያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከጎረቤቷ ከእማሆይ አሰገደች ጓሮ የሚለየው አጥር ብቻ ነው። አጎቷ አንሙት ፎቶ ቤት አለው። በጥቅምት ወር ለእሷ የምትሆን ትንሽ ካሜራ ሰጣት።

መጀመሪያ ያነሳቻቸው ወፎች ሁሉ ደብዝዘው ወጡ። በአንዱ ፎቶ ላይማ የታየው ጅራት ብቻ ነበር። አጎቷ ግን አልሳቀባትም።

«ክንድሽን ከጎንሽ አጣብቂ። ትንፋሽሽን ያዢ። ወፏ እስክትለምድሽ ጠብቂ» አላት። «ጎጆ ካገኘሽ ደግሞ ከሩቅ አንሺ። እንዳትነኪው።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

አንድ ቅዳሜ በእማሆይ ጓሮ፣ በቀጋው ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ አየች። ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ። እናታቸው ቢጫ ወፍ ትል ታመጣላቸዋለች። ፀደንያ ካሜራዋን ደቀነች። ቅጠሉ ጋረዳት። ደግማ ሞከረች። አሁንም ጋረዳት።

ልጆች፣ መጠበቅ ከባድ ነው አይደል? ለፀደንያም ከበዳት። ሮጣ የእናቷን መቀስ አመጣች። ጎጆውን የሸፈኑትን ቅርንጫፎች ቆርጣ ጣለች። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ።

እናት ወፍ ግን ደንግጣ በረረች። አጥሩ ላይ ሆና ትጮኻለች እንጂ አትቀርብም። ፀደንያ ቤት ገብታ በመስኮት አየች። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። ከዚያ ቁራ መጣ። አንዱን ጫጩት አንጠልጥሎ ሄደ።

ምሳ ሲቀርብ አልበላም አለች።

«አሞሻል?» አለቻት እናቷ።

«ምንም አልሆንኩም።»

ብትናገር አጎቷ ካሜራውን የሚወስድባት መሰላት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ግን ከጮቄ ተራራ በኩል ደመናው እየጠቆረ መጣ። ዝናቡ ቢወርድ የቀሩት ሁለቱ ምን ይሆናሉ?

በመጨረሻ ሄዳ የእማሆይን በር አንኳኳች።

«እማሆይ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መቀሱንም፣ ቁራውንም።

እማሆይ ወደ ጓሮው ወጡ። «የሄደውን አንመልሰውም» አሉ። «የቀሩትን እንሸፍናቸው። ነይ፣ ገመድ ያዢልኝ።»

የተቆረጡትን ቅርንጫፎች በቦታቸው መልሰው አሰሯቸው። እሾሁ የፀደንያን ጣት ወጋው። ከዚያም ርቀው ከበረንዳው ላይ ተቀመጡ። ነፋስ ተነሣ። ወፏ አልመጣችም። ፀደንያ በልቧ «ጌታ ሆይ፣ በእኔ ጥፋት እነሱ አይሙቱ» ብላ ጸለየች።

«እማሆይ፣ ባትመጣስ?»

«አላውቅም ልጄ። ዝም ብለን እንጠብቅ።»

ዝናቡ ማንጠባጠብ ሲጀምር ቢጫዋ ወፍ ከአጥሩ ተነሥታ ቀጋው ውስጥ ገባች። ክንፏን ዘርግታ ሁለቱን ጫጩቶች ታቀፈቻቸው። ፀደንያ አለቀሰች።

ዝናቡ እንዳባራ ወደ አጎቷ ፎቶ ቤት ሄዳ ለእሱም ነገረችው። አጎቷ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው።

«ጥሩ ፎቶ ነው» አለ። «ብታጠፊው ይሻላል ወይስ ይቀመጥ?»

«ላጥፋው» አለች፤ በገዛ እጇም አጠፋችው። አጎቷ ካሜራውን አልወሰደባትም።

ልጆች፣ ጥፋታችንን ስንደብቅ ጉዳቱ ይበዛል፤ ቶሎ ስንናገር ግን ገና ሊድን የሚችለውን እናድናለን።