የእድሩ ማህተም

«ይሄ ማህተም የለውማ!» አሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ አርባ አንድ ፊርማ ያረፈበትን ማመልከቻ ወደ ሰላማዊት እየገፉ።

ሰላማዊት ደሟ ፈላ። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገባች ወዲህ ስምንተኛ ክፍልን የምታየው ከደጅ ነው። ያለ መሸኛ ምዝገባ የለም ይላል መመሪያው፤ መሸኛውን የሚጽፍላት ትምህርት ቤት ደግሞ ተቃጥሏል። ከአመድ ማን ወረቀት ያወጣል? እንደሷ ያሉት አርባ ልጆች ከእሷ ጋር ሆነው «መመሪያው ይሻሻል፤ ተፈትነን እንመዝገብ» ብለው ሲጽፉ፣ ማህተም ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

ውጭ የጠበቃት ሲሳይ የከተማው ልጅ ነው። «አታካብጂ ባክሽ! መሸኛ ከነማህተሙ አስመስሎ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። ላንቺ ብቻ ግን። ነገ ክፍል ትገቢያለሽ።»

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ልቧ ክፉኛ ከጀለ። ነገ!

«አርባው ልጅስ?»

«ላንቺ ብቻ አልኩሽ እኮ» አለ ሲሳይ።

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አለችና በቀጥታ ወደ መጠለያው እድር ዳኛ፣ ወደ አቶ ወልደ ሰንበት ሄደች። የእድሩ ማህተም ለሐዘን እንጂ ለተማሪ ተመትቶ አያውቅም።

«እድር ለቀብር ነው፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ሳንማር ብንቀር ከዚህ የባሰ ምን ቀብር አለ?»

ሽማግሌው ማህተሙን እፍ ብለው ወረቀቱ ላይ መቱት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ነገ እኛም አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ አርባ አንድ ልጅ ከእድርተኛው ጋር የጽሕፈት ቤቱን ግቢ ሞላው። ኃላፊው ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። ማህተሙን ደጋግመው አዩና «ለበላይ አቀርበዋለሁ» አሉ። ልጆቹ ግን አለቀቋቸውም፤ ሰኞ በመጣ ቁጥር በር ላይ ናቸው።

በሦስተኛው ሰኞ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «መሸኛ ማቅረብ ያልቻሉ ተፈናቃይ ተማሪዎች በምዘና ፈተና ይመዘገባሉ።» እልልታው ቀለጠ! ሲሳይ ሳይቀር ጨፈረ። ሰላማዊት እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ትስቃለች፤ ደስታ እንዲህም ያደርጋል ለካ።

ትንሿ ሮዳስ እጅጌዋን ጎተተቻት። «ሰሊ፣ ፈተናው እኮ አርብ ነው። እኔ ክፍልፋይ ጠፍቶብኛል።»

«ሌላስ ክፍልፋይ የጠፋበት?» ብላ ጮኸች ሰላማዊት።

ሃያ እጅ ወጣ። እንጨት አነሳች፤ ጎንበስ ብላ አፈሩ ላይ አንድ ሁለተኛ ብላ ጻፈች።