የዚሩ ጠብታ

«ኻላስ፣ ጨርሰነዋል! አሁን ምን ያጨቃጭቀናል?» አለ ተውፊቅ፣ በንጹሕ ወረቀት የገለበጠውን የፊዚክስ ሪፖርት እያውለበለበ።

ኒዕማ ለመንገደኛ ተብሎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ከተቀመጠው ዚር፣ ከትልቁ የሸክላ ውሃ ጋን አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ታያለች። ሐሙስ ዕለት ለፊዚክሱ ሲለኩ ሰዓታቸው ይኸው ጠብታ ነበር።

«የጥንት ፈላስፎች ስለ ተፈጥሮ ሳይለኩ ብዙ ተናግረዋል። ፊዚክስ የመጣው ‹እስቲ ልለካው› ከሚል ሰው ነው። እናንተም ያለ ሞባይል ለኩ» ብለዋቸው ነበር መምህር ሰብስቤ።

በክር የተንጠለጠለ ድንጋይ ሰፋ አድርጎም ጠበብ አድርጎም ቢወዛወዝ፣ አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጅበት ጊዜ እምብዛም አይለያይም ይላል መጽሐፉ። የእነሱ ግን ጠዋት በሰፊው በሃያ ጠብታ ሠላሳ ጊዜ ተወዛወዘ፤ ከሰዓት በኋላ በጠባቡ አርባ አንድ። ተውፊቅ አርባ አንዱን ሠላሳ ብሎ ጻፈው።

ኒዕማም አልከለከለችውም። ከሰማንያ በታች ካመጣች ነጻ ትምህርቱ ይቀርባታል፤ ከዚያ ወዲያ ከእናቷ ከዘሊካ ጋር አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ነው። ፈርታ ነበር፤ ምን ይደበቃል?

አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ መጣ። ከዚሩ ጠጥቶ ሲያበቃ ለሞተሩ ደግሞ አንድ ጀሪካን ሙሉ ቀዳና ሄደ። ኒዕማ ጠብታውን መቁጠር ጀመረች። ከቅድሙ ዘግይቷል።

«ተውፊቅ፣ እየው! መንገደኛው ሲቀዳ ዚሩ ይጎድላል፤ ሲጎድል ጠብታው ይዘገያል። ድንጋዩ ምንም አልሆነም፤ የተበላሸው ሰዓታችን ነው!»

«እና ለቲቸር ‹ሰው ውሃ ጠጣብን› ልትይ ነው? ወላሂ ዜሮ ነው የሚሰጠን! እናትሽን አስቢ እንጂ።»

ደወሉ ተደወለና ክፍል ገቡ።

መምህር ሰብስቤ ሪፖርቱን አነበቡና ፈገግ አሉ። «ጎበዞች! ልክ መጽሐፉ እንዳለው። ኒዕማ፣ ነይ አስረጂን።»

ተውፊቅ በዴስኩ ሥር እጅጌዋን ያዛት። «ኒዕማ፣ በአላህ!»

ቀስ ብላ አስለቀቀችው። ከደብተሯ መሐል ውሃ የነካውን፣ የሐሙሱን ወረቀት አወጣች። ሰሌዳው ላይ ሠላሳ ብላ ጻፈች። ሳሙና የሰነጣጠቀው የእናቷ እጅ ፊቷ ድቅን አለባት። ጠመኔው ለአፍታ ቆመ።

ከዚያ ከጎኑ አርባ አንድ ብላ ጻፈችና ዞረች።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ ስለ ዚሩ ልንገራችሁ» አለች።