በአንድ ዓይን የወጣው ሰው

የዛሬ ልጆች ፊልም እያዩ «ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ጃንጥላ የሞት ምልክት ናት፣ ሰዓቱም የቆመው በምክንያት ነው» ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እመነኝ ወዳጄ፣ እኔ በምልክትም በሟርትም አምኜ አላውቅም፣ በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦርና አካባቢዋን እየዞርኩ ፊልም የማሳይ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ፊልም ማለት ለእኔ አምፖልና ጥቅል ነው፣ አለቀ። የምነግርህ ግን የሆነውን ነው፣ ካላመንከኝ የራስህ ጉዳይ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በሙያቸው ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ከሃዲ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ነው፣ አባቴ ይሁዳን በሁለት ዓይን ሥለው አያውቁም። ይህን እኔም ታናሽ ወንድሜ አስማረም ፊደል ሳንቆጥር ነው ያወቅነው።

አስማረ የውትድርና ዘመቻውን ሸሽቶ ጉና ተራራ ሥር አጎታችን ቤት ተደብቆ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጠራኝና «አምጣው፣ እዚሁ ከተማ ጥበቃ አደርገዋለሁ፣ ማርያምን» አለኝ፣ አፈር ይብላውና፣ እግዜር የለም እያለ ሲሰብክብን የከረመ ሰው ማርያምን ብሎ ማለልኝ። ሄጄ አመጣሁት። በሳምንቱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ጫኑት። አባቴ ያን ጊዜ ጣራ ገዳም ሥራ ላይ ነበሩ፣ ሲመለሱ «አፍሰው ወሰዱት» አልኳቸው።

ከወራት በኋላ የዘማቾቹ ሽኝት ፊልም ከአዲስ አበባ መጣ፣ የማሳየውም እኔው። አባቴ፣ ፊልም አይተው የማያውቁት ሰውዬ፣ «ልጄን ልየው» ብለው መጡ። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደን በጠራራ ፀሐይ ጀመርን።

አስማረ ብቅ አለ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኖቹ። አባቴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አጠገቡ እኔ አለሁ፣ እጄ ትከሻው ላይ ነው። በሽኝቱ ዕለት ካሜራ የያዘው ሰው «ሁላችሁም ወደኔ» እንዳለን አልረሳሁም፣ ወደሱም አይቻለሁ። ሸራው ላይ ግን ወደ ጎን ዞሬአለሁ፣ የሚታየው አንድ ዓይኔ ብቻ ነው።

«አንተን ማን ነው እንዲህ የሣለህ?» አሉኝ አባቴ።

«አባባ፣ ማሽን ነው፣ ማሽን አይሥልም» አልኳቸው ተናድጄ።

ሰዉ ሲወጣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ፊልሙን በፀሐይ አየሁት። ሁለት ዓይን አለኝ፣ በእያንዳንዷ ምስል ላይ ሁለት። ለአባቴም አሳየኋቸው። መልሼ ማሽኑ ላይ ሳስገባው ያ የለመድኩት ድምፁ ሳልነካው እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄደ። አስማረ እኛን እያየ ነው፣ እኔ ደግሞ ከቅድሙም ይበልጥ ዞሬአለሁ፣ እጄም ትከሻው ላይ አልነበረም፣ ክንዱን ጨምድዶ ይዞታል።

«ማን ነው ከጉና ያወረደው?» አሉኝ አባቴ።

«እኔ ነኝ፣ ሊቀ መንበሩ በማርያም ምሎልኝ አምኜው ነው» አልኳቸው።

«አምነኸው ነበር?»

ጮህኩባቸው፣ በገዛ አባቴ ላይ፣ አዎ አምኜው ነበር ብዬ። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፣ እስኪሞቱም ጉዳዩን አላነሱብኝም፣ አስማረም አልተመለሰም። ለአንተ ልንገርህ፣ አላመንኩትም ነበር፣ ካላመጣሁት ከሥራዬ ያስባርረኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ሊቀ መንበሩን ዛሬም እረግመዋለሁ፣ ግን ያን ያህል አይወጣልኝም።

በቀደም ለመታወቂያ ፎቶ ልነሳ ሄድኩ። ፎቶ አንሺዋ «አባባ፣ ወደኔ ይዙሩልኝ» አለችኝ። ወደሷ እያየሁ ነበር። ጥቂት ቆይታ «አባባ፣ ሌላኛው ዓይንዎም እንዲታይ» ስትለኝ ተነሥቼ ወጣሁ፣ መታወቂያም የለኝም።